ሐይቁን የያዘው ደፍ፦ ዱካ በሌለው ተራራ ላይ የተደረገ የአንድ ቀን ጉዞ የጉዳይ ጥናት

የሐይቁን ስም አልጽፍም። ወደ እርሱ የሚወስድ መንገድ የለም፤ መንገድ ያልወጣለትም ሰው ስላልበዛበት ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የሚበቅል ሣርና ቁጥቋጦ በዓመት የሚጨምረው ጥቂት ስለሆነ አንድ ጊዜ ተረግጦ የተገለጠ አፈር መልሶ እስኪሸፈን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ጉዳዩን ግን ከነሰዓቱ፣ ከነርቀቱና ከነስሕተታችን እጽፈዋለሁ። በዚያ ቀን የገጠመን ነገር የዚያ ሐይቅ ብቻ አይደለም፤ የበረዶ ግግር ቦርቡሮ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተኙ የተራራ ሐይቆች ብዙዎቹ ይኸው ወጥመድ አለባቸው።

አራት ነበርን። አንደኛው ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው የ58 ዓመት ሰው ነው፤ ዕድሜውን ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረና ከእኛ ሁሉ በላይ ተራራ የወጣ። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት፤ ካርታ ማንበብን የተማረችው ከእርሱ ነው። ሦስተኛው ረጅም ርቀት የሚሮጥ የሥራ ባልደረባዬ፣ አራተኛው እኔ። ጉዞውን ያቀድሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች «ተሳሳትን» በምልበት ቦታ ሁሉ ትልቁ ድርሻ የእኔ ነው።

በእጃችን የነበረው ካርታ መስፈርቱ 1፡50,000 ነው። በካርታው ላይ ያለ 2 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች እያገናኙ የተሰመሩ የከፍታ መስመሮች አሉበት፤ በአንዱ መስመርና በሚቀጥለው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ። መኪናችንን ካቆምንበት እስከ ሐይቁ ባሰብነው መስመር 8 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡም 900 ሜትር ነበር። የመጀመሪያው 3 ኪሎ ሜትር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ወንዙን ተከትሎ የሚወጣ የእግር መንገድ ሲሆን አንድ የፈረሰ የድንጋይ ጎጆ አጠገብ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ፊትን ወደ ሰሜን አዙሮ ዱካ በሌለበት መውጣት ነው፦ መጀመሪያ ጥሻ፣ ከጥሻው በላይ ገላጣ የተራራ ትከሻ፣ ከትከሻው በላይ የቋጥኝ ክምር፣ በመጨረሻም ጭንጫ የሞላበት ዳገት።

ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ስሌት አለ፤ ተራራ የሚወጡ ሰዎች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። በኪሎ ሜትር ሲነገር፣ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይያዛል። በዚህ መሠረት ርቀቱ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ሽቅቡ 1 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ወጣልን። መንገድ የለምና አንድ ሰዓት ያህል ጨምረን «4 ሰዓት ይበቃናል» አልን። ስሌቱ ግን የተሠራው ለጠንካራ እግረኛና ለሚያስኬድ መሬት ነው። የቋጥኝ ክምር የሚያስኬድ መሬት አይደለም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሣን። ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለነበር፣ የትም ብንደርስ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፊታችንን ወደ ኋላ ለማዞር ተስማማን። የምንሄድበትን መስመር፣ ስንት እንደሆንንና የመኪናውን ቦታ በወረቀት ጽፈን ቤት ለቀረ ሰው ሰጠን፤ እስከ ሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ካልደወልን ለነፍስ አድን ሠራተኞች እንዲያሳውቅም አደራ አልን። በዚያ ቀን ካደረግናቸው ነገሮች ሁሉ ዛሬም ሳልጨምርና ሳልቀንስ የማደርገው ይህንን ነው።

የእግር መንገዱ አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወሰደ። ጥሻው 1.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ እርሱም አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ በላብን። ከጥሻው ወጥተን ትከሻው ላይ ስንደርስ ተራርቀን፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን መስመር ሄድን። ዱካ በሌለበት ሣር ላይ አራት ሰው ተከታትሎ ከሄደ የአራት ሰው ኮቴ አንድ ቦታ ያርፍና መንገድ ያበጃል። ትከሻው 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ50 ደቂቃ ጨርሰነው 20 ደቂቃ ዐረፍን።

የቋጥኙን ክምር በሩቁ ያየ ሰው ጠጠር የፈሰሰበት ተዳፋት ይመስለዋል። ሲደርሱበት እያንዳንዱ ድንጋይ የቤት በር ያህላል፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል እግር እስከ ጭን የሚውጥ ጨለማ አለ። አንዳንዱ ሲረግጡት ጸጥ ይላል፤ ሰውነትን ሙሉ በሙሉ ሲጥሉበት ግን በዝግታ ጋደል ብሎ «ጓ» ይላል። ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ቀጣዩን እርምጃ በእጅም ጭምር ነው የሚራመዱት። ባልደረባዬ ቅልጥሙን ተጋጭቶ ተላጠ። 800 ሜትር ለመሻገር አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀብን። ከዚያ ጭንጫውን በ40 ደቂቃ ወጥተን ከሐይቁ ዳር ስንደርስ ሰዓቱ 6 ሊሆን 10 ደቂቃ ይቀረው ነበር። 4 ሰዓት ያልነው ጉዞ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆኗል።

ሐይቁ ያማረ ነበር። ሦስት ጎኑ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ዐለት ነው፤ ውኃው ዳር ዳሩ እስከ ወለሉ ይታያል፤ ከመካከል ወዲያ በአንድ ጊዜ ይጠቁራል። ነፋስ ሲነካው ከዐለቱ ሥር ተነሥቶ እስከ እግራችን የሚመጣ ቀጭን ሽብሽብ ነበረው። ማንም ስለ ሰዓት አላነሣም። እህቴ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ እኔና ባልደረባዬ ምግባችንን አወጣን፣ ጋሼም ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተጋደመ።

የመጀመሪያው ስሕተታችን እዚህ ነው። «6 ሰዓት የመመለሻ ሰዓት ነው» ብለን ተነሥተን፣ ሐይቁ ላይ ስንደርስ «ከ6 ሰዓት በፊት ደረስን» ብለን ተደሰትን። የመመለሻ ሰዓት ፊት የሚዞርበት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ሳናውቀው የመድረሻ ሰዓት ሆነ። የተነሣነው ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ቀርቷል፤ ስንወጣ የፈጀብን ደግሞ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። «መውረድ ይቀላል» አልን። በእግር መንገድ ላይ እውነት ነው። በቋጥኝ ላይ ግን መውረድ ከመውጣት አይፈጥንም፤ ጉልበት ደክሟል፣ ዓይንም ሩቅ ሩቁን ያያል።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ተወለደ። ያን የቋጥኝ ክምር ዳግመኛ መሻገር ሁላችንም ፈርተናል። ካርታውን ዘረጋሁ። ከሐይቁ በስተ ደቡብ ምዕራብ ጥግ የሚወጣ ጅረት አለ፤ ወርዶ ወርዶ ከእግር መንገዱ ጋር ይገናኛል፤ የሚገናኘውም ከፈረሰው ጎጆ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደ መኪናው ቀርቦ ነው። ጥሻውን ያስቀራል፣ ቋጥኙን ያስቀራል፣ መንገዱንም ያሳጥራል። የከፍታ መስመሮቹ ጠጋ ጠጋ ቢሉም የትም ቦታ ላይ ተደራርበው አልተጣበቁም፤ የገደል ምልክትም አልነበረም። እህቴ ጫማዋን እያሰረች «ጅረቱ ይህን ያህል ቀጭን ሆኖ ድምፁ ለምን በዛ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋን ሰምቻለሁ። አልመለስሁላትም።

መልሱን አሁን ልስጥ። እንደዚያ ያለው ሐይቅ የሚፈጠረው የበረዶ ግግር በተራራው ጎን ላይ ተቀምጦ ለብዙ ሺህ ዓመታት ዐለቱን ሲፍቅ ነው። ግግሩ ከኋላው ያለውን ግድግዳ እየፈለጠ፣ ከሥሩ ያለውን ወለል እየቦረቦረ ይሄዳል፤ ወደ አፉ ሲቃረብ ግን ስለሚሳሳና ጉልበቱ ስለሚቀንስ ከፊት በኩል ያለውን ዐለት ያን ያህል አይበላውም። ስለዚህ ጎድጓዳው ከፊቱ ከፍ ያለ የዐለት ጠርዝ ይቀርለታል፤ ልክ እንደ በር ደፍ። በረዶው ሲቀልጥ ውኃውን አቁሮ ሐይቅ የሚያደርገው ያ ደፍ ነው። ትርፉ ውኃ የሚወጣው በደፉ ላይ ነው፤ ከደፉ በስተ ውጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተራራው በድንገት ይሰበራል። ሐይቁ ሐይቅ ሆኖ እንዲቆይ ያደረገው ነገርና ጅረቱን ገደል የሚሰድደው ነገር አንድ ናቸው። እህቴ የሰማችው የዚህን ድምፅ ነበር።

ካርታው አልዋሸም። የ20 ሜትር ልዩነት ያለው ካርታ 18 ሜትር ገደልን በሁለት መስመሮች መካከል ሊውጠው ይችላል፤ ገደሉ ከአንዱ መስመር ዝቅ ብሎ ጀምሮ ከሚቀጥለው ከፍ ብሎ ካለቀ በወረቀቱ ላይ አንድም ምልክት አይተውም። ይህን አውቀው ነበር። ማወቄ ግን በዚያ ሰዓት ከድካሜ አልበለጠም።

ከደፉ ወረድን። መጀመሪያ በእጅም በእግርም የሚወረድ ደረጃ መሳይ ዐለት ነበር። ቀጥሎ አንድ 2 ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጥ ያለ ዐለት ገጠመን፤ ከላይ እርጥብ፣ ከሥር ሜዳ። ባልደረባዬ ተቀምጦ ተንሸራተተና ወረደ። እኛም ተከተልነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ተንሸራትተው የወረዱበትን ዐለት ተንሸራትተው አይወጡበትም። ከታች ያለውን ሳናይ ከላይ ያለውን በር በገዛ እጃችን ዘጋን። ከ30 እርምጃ በኋላ ጅረቱ ከፊታችን ጠፋ። ጋሼ በሆዱ ተኝቶ አንገቱን አሾልኮ አየና ሳይነሣ በእጁ ብቻ «ቁሙ» አለን። ከሥሩ ነጭ አረፋና የተሰባበረ ድንጋይ ነበር። ግራና ቀኙ አልጌ የለበሰ ዐለት ነው። ሰዓቱ 8 ከ5 ይላል።

ባልደረባዬ «በግራ በኩል መያዣ አለ፣ ልሞክረው» አለ። እውነትም 4 ሜትር ያህል የሚያስወርድ ስንጥቅ ነበር፤ ከዚያ በታች ግን አይታይም። ጋሼ በፏፏቴው ጩኸት መካከል እጁን ይዞ ወደ ጆሮው ተጠግቶ «ልጄ፣ ታችኛው ጫፍ የማይታይ መውረጃ መውረጃ አይደለም» አለው። ቀኑን ሙሉ እንደ ትእዛዝ የተናገረው ይህችን ብቻ ነው።

ወደ ላይ ለመመለስ ያ 2 ሜትር ተኩል ግድግዳ ይጠብቀናል። ገመድ አልያዝንም። ባልደረባዬ ጀርባውን ለዐለቱ ሰጥቶ ሁለት እጁን አቆላልፎ እርካብ አበጀ። መጀመሪያ ጋሼን አወጣነው፤ ቀጥሎ እህቴን፤ እርሷ ግን አንዴ አዳልጧት ወደ ጅረቱ ወድቃ እስከ ወገቧ ረጠበች። ከዚያ እኔ ወጣሁ። የቀረው እርካብ የሆነው ራሱ ነበር። እኔና ጋሼ በደረታችን ተኝተን እጃችንን ወደ ታች ሰደድን፤ እኔ ቀኝ አንጓውን፣ ጋሼ ግራውን ያዝን። መዳፍ ለመዳፍ መያዝ እርጥብ እጅ ላይ ያሟልጫል፤ አንጓ ለአንጓ ከተያያዙ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይዟል። ጫማው ዐለቱን ሲፍቅ፣ የጋሼ ጥርስ ሲፋጭ ይሰማኛል። ሦስት ጊዜ ሞክረን በሦስተኛው ጉልበቱ ጠርዙን ነካ። ሐይቁ ዳር ስንመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ50 ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ደክመን፣ የቆምነው 7 ሰዓት ከሩብ ላይ የቆምንበት ቦታ ነው።

ጉም የወረደው ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ተራራ ላይ ጉም መውረዱ እንግዳ ነገር አይደለም። እህቴ እየተንቀጠቀጠች ነበር። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ እርጥብ ልብስና ነፋስ ሲጨመር ብርዱ ሌላ ነው። የጥጥ ሱሪ ነበር የለበሰችው፤ ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይይዝም። ጋሼ ከሻንጣው ሥር በፌስታል የጠቀለለውን የሱፍ ሱሪ አውጥቶ «ቀይሪ» አላት፤ ልታመነታ ስትል ጀርባውን አዞረ። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ደቂቃው ያስወራት ጀመር። ምላስ ሲተሳሰር፣ ጣት ቁልፍ መያዝ ሲያቅተው፣ ከሁሉም በላይ መንቀጥቀጡ ሳይሞቁ ሲቆም አደጋው ደርሷል ማለት ነው። እርሷ መንቀጥቀጧን አላቆመችም፤ መልስም አላጣችም።

የመጣንበት መስመር ስልኬ ላይ ተመዝግቧል። ስልኬን ከሻንጣው የውጭ ኪስ ሳወጣው 31 በመቶ ቻርጅ ነበረው፤ በእጄ እንደያዝሁት ጠፋ። ብርድ የስልክ ባትሪን ኃይል ያዳክማል፤ ውስጡ ኃይል እያለ እንኳን ስልኩ ይዘጋል። ብብቴ ሥር ከተትሁትና በኮምፓስ ሄድን። በጉም ውስጥ አንዱ በፊት እስከሚታይበት ድረስ ይሄዳል፣ ኮምፓስ የያዘው ከኋላ ሆኖ «ግራ፣ ቀኝ» እያለ ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ሌሎቹ ይደርሱበታል። የአንድ ዲግሪ ስሕተት በ1 ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ያህል ያስታል። ቋጥኙን ያለ አንዳች ንግግር በአንድ ሰዓት ተኩል ተሻገርን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙቀት ያገኘው ስልክ መልሶ ተነሣና ቦታችንን አየን፤ ከመስመራችን 40 ሜትር ብቻ ርቀናል።

ጥሻው አፋፍ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ 10 ደቂቃ ቀርቷታል። ጋሼ ካርታውን ከእህቴ ጋር ሆኖ አየና «ጎጆውን አንፈልገውም» አለ። ጎጆው ነጥብ ነው፤ በጨለማ ነጥብ መፈለግ መጥፋት ነው። በቀጥታ ወደ እርሱ ሄደን ብንስተው፣ ወንዙ ላይ ስንወርድ ከጎጆው በግራ እንሁን በቀኝ አናውቅም፤ በስተ ምሥራቅ ከሆንን ደግሞ መንገድ የለም። ስለዚህ አውቀን መሳት ነበረብን። አቅጣጫውን ከጎጆው 10 ዲግሪ ወደ ምዕራብ አደረግነው፤ በ1.2 ኪሎ ሜትር 200 ሜትር ያህል ያስታል። እንዲህ ከሆነ የምንወርደው የግድ በእግር መንገዱ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ መታጠፍ ብቻ ይቀራል።

አራት ሆነን የያዝነው ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ሁለት ነበር። «በቀን ሄደን በቀን እንመለሳለን» ብለን ነው። ቀን ጠዋት የወጣንበት ጥሻ ማታ ሌላ ነው፤ ብርሃኑ ከፊት ያለውን ቅጠል ብቻ እያበራ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያጠቁራል። ባትሪ የሌለን ሁለታችን የፊተኛውን ሰው ሻንጣ ይዘን ሄድን። ጥሻው ውስጥ ከገባን ሁለት ሰዓት ሊሞላን ጥቂት ሲቀረው የእህቴ ድምፅ ከፊት ተሰማ፦ «መንገድ!» ወርዳ በእጇ አፈሩን ትዳስስ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20 ነው። መኪናው ጋ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን፤ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ደርሰን ስንደውል 4 ሰዓት ከ5። ወረቀቱን የያዘው ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው። 25 ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቁጥሩን ከፊቱ ጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ገደሉ አይደለም። ስለ ሐይቁ ዳር ነው። ጋሼ በኋላ እንደነገረኝ፣ 6 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን አይቷል። ደስታችንን ማቋረጥ ከብዶት ዝም አለ። እህቴም ታላላቆቿ ያልመለሱላትን ጥያቄ መድገም ድፍረት መሰላት። የሚያውቀው ዝም አለ፣ የሰማችው ዝም አለች፣ ባልደረባዬና እኔ ደግሞ ያልዛልን መስሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንሄድ የመመለሻውን ሰዓት የሚጠብቀው ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ነው፤ ደወሉም እርሱ ኪስ ውስጥ ይጮኻል። ሲጮህ ታላቁ ይነሣል።

በሚቀጥለው ዓመት አራታችንም ተመለስን። ሐይቁ ዳር የቆየነው 25 ደቂቃ ነው፤ በቋጥኙ ወጥተን በቋጥኙ ወረድን። ትከሻው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበርና ወደ ምዕራብ ጠርዝ ሄደን ያን ፏፏቴ ከጎኑ አየነው። ስንጥቁ ከላይ 4 ሜትር ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ለስላሳ ዐለት ነው። ባልደረባዬ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ ተመለከተው። እህቴ ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቦታውን ፈለገች። በሁለቱ የከፍታ መስመሮች መካከል ባዶ ነው፤ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። እርሳሷን በጥርሷ አሹላ ሦስት አጫጭር ጭረቶች አደረገችበት፤ ከጎኑም በደቃቅ ፊደል «ደፍ» ብላ ጻፈች።